ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት፣ ደሴቱና ጉብታው፦ የስቴት ገንዘብ የትኛውን ይግዛ?

እዚህ የምንገመግማቸው የእግረኛ ማቋረጫ ዕቃዎች ሱቅ ገብታችሁ የምትገዟቸው አይደሉም። ገዢው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወይም ከተማው ነው። ከፋዩ ግን ነዳጅ በቀዳችሁ፣ የመኪና ሰሌዳ ባሳደሳችሁ ቁጥር እናንተ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው ሰፈሮች የሚያልፉት ሰፋፊ መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ የስቴት ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግን ሰንጥቆ የሚያልፈው ጆርጂያ አቬኑ ሜሪላንድ 97 ነው፤ በሰሜን ሲያትል ያለው አውሮራ አቬኑ ስቴት ሩት 99 ነው፤ የዴንቨሩ ኮልፋክስ ደግሞ ብዙው ክፍሉ ዩኤስ 40 ነው። ከተማው ዜብራ ልቀባ ቢል እንኳ ብዙውን ጊዜ የስቴቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በመላ አገሪቱ 7,522 እግረኞች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት በጨለማ ሲሆን፣ ብዙዎቹም እንዲህ ባሉ ሰፋፊና ፈጣን መንገዶች ላይ ነው። ስለዚህ ለማቋረጫ የሚገዛው ዕቃ ማማር አለማማሩ አያሳስበንም። እያንዳንዱን ዕቃ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚሠራው ሹፌሩ ሲተባበር ብቻ ነው ወይስ ባይተባበርም?

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ፤ የቀረው ሁሉ የሚመዘነው በሱ ነውና። አምስት መስመር ያለው፣ እያንዳንዱ መስመር 12 ጫማ የሆነ መንገድ ከዳር እስከ ዳር 60 ጫማ ነው። መሐንዲሶች ለእግረኛ የሚያስቡት ፍጥነት በሰከንድ 3.5 ጫማ ስለሆነ ለማቋረጥ 17 ሰከንድ ያስፈልጋል። በሰዓት 40 ማይል የሚነዳ መኪና በሰከንድ ወደ 59 ጫማ ይሄዳል። በ17 ሰከንድ ውስጥ 1,000 ጫማ ያህል ይጓዛል ማለት ነው። እግሯን ከጠርዙ የምታወርድ እናት እንግዲህ 1,000 ጫማ ርቆ ያለውን መኪና አይታ፣ ፍጥነቱን ገምታ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ባዶ ጊዜ መጠበቅ አለባት። ማታ ይህን መገመት ለማንም ሰው ከባድ ነው። መሐል ላይ የሚቆሙበት ደሴት ቢኖርና በእያንዳንዱ ወገን ሁለት መስመር ብቻ ቢቀር የሚቋረጠው 24 ጫማ ይሆናል፤ 7 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የሚያሳስበው መኪናም 400 ጫማ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ እሱም ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣው።

ፍጥነቱ ራሱ ደግሞ ሕይወትና ሞትን ይለያል። የኤኤኤ (የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር) የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በአማካይ ከመቶ 10 ነው። በ32 ማይል 25፣ በ42 ማይል 50፣ በ58 ማይል 90 ይደርሳል። ከ42 ወደ 32 ማውረድ ብቻ የመሞት ዕድሉን በግማሽ ይቀንሰዋል።

አሁን በየስብሰባው ቶሎ ቃል የሚገባው ዕቃ ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ መብራት ነው፤ ባለሙያዎቹ በምህጻረ ቃል አርአርኤፍቢ ይሉታል። ከእግረኛው ምልክትና ከታች ካለችው ቀስት መካከል የሚገጠሙ ሁለት አራት ማዕዘን መብራቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ኢንች ስፋትና 2 ኢንች ቁመት አላቸው። ቁልፉ ሲጫን በደቂቃ 75 ዙር ይበራሉ፦ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። ዓይን የሚለምደው ምት ስላልሆነ ከተራው ቢጫ መብራት ይልቅ ሹፌርን ያነቃል። የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር የእግረኛ አደጋን እስከ 47 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። በመጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በጊዜያዊነት ነበር፤ በ2017 መጨረሻ በፓተንት ጉዳይ ፈቃዱ ተነሣ፤ በ2018 ተመለሰ፤ በ2023 በወጣው 11ኛው ብሔራዊ የትራፊክ መሣሪያዎች መመሪያ ደግሞ በቋሚነት ገባ።

ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን የሚለምን ዕቃ ነው። ሹፌሩ አይቶ ለማቆም ከወሰነ ይሠራል፣ ካልወሰነ አይሠራም። ለዚህም ነው የፍጥነት ገደባቸው 40 ማይልና ከዚያ በላይ በሆኑ ባለብዙ መስመር መንገዶች ላይ የማንመክረው። በ30 እና በ35 ማይል መንገድ፣ በተለይ ከደሴት ጋር ሲጣመር፣ ገንዘቡን ያወጣል።

የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው። አብዛኞቹ በሶላር የሚሠሩ ናቸው። ቦታው በክረምት፣ ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት ወቅት ይለካል፤ በጋ ሲመጣ ቅጠሉ ፓነሉን ይጋርደውና ባትሪው ሳይሞላ ይውላል። በብርድ አገር ደግሞ ባትሪው ራሱ ይደክማል፣ በረዶ ፓነሉን ይሸፍነዋል፤ ሌሊቱ ረጅም በሆነበትና ሰው በጨለማ ከሥራ በሚመለስበት ወቅት መብራቱ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። በመንገዱ ማዶና ማዶ ያሉት ምሰሶዎች የሚነጋገሩት በሬዲዮ ስለሆነ አንዱ ሬዲዮ ከሞተ በአንድ ወገን ብቻ ይበራል። ቁልፉን የተጫነው ሰው የሚያየው የበራውን ስለሆነ ከማዶ የሚመጣው ሹፌር ምንም እንዳላየ አያውቅም። ሰፈራችሁ ያለውን ለመፈተን ከሁለቱም ወገን ቁልፉን ተጭናችሁ ሁሉም መብራቶች በሁለቱም አቅጣጫ መብራታቸውን አረጋግጡ። ቀጥሎ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፦ መብራቱ የመንገዱ ስፋት በጫማ ለ3.5 ተካፍሎ ከሚገኘው ሰከንድ ቀድሞ ከጠፋ አስተካካዩ ከፋብሪካ በመጣበት ሰዓት ትቶታል ማለት ነው። ይህ በአንድ ጉብኝት የሚስተካከል ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር በሁለት መስመር ላይ ያለው መሸፈን ነው። በቀኝ መስመር ያለው አውቶቡስ ለእግረኛው ይቆማል፤ በግራ የሚመጣው መኪና ግን እግረኛውን አያይም፣ በመንገዱ ዳር ያለውንም መብራት አውቶቡሱ ይጋርድበታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ መብራቱን መሐል ባለው አካፋይ ላይም መግጠም፣ ከዚያም ሹፌሮች የሚቆሙበትን የሦስት ማዕዘን ረድፍ መስመር ከዜብራው ከ20 እስከ 50 ጫማ ወደ ኋላ መቀባት። ቀለሙ ከመብራቱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም፤ ሆኖም በበጀት ጥበት መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ይህ በእውነት ያናድዳል።

በ40 ማይልና ከዚያ በላይ ለሚነዱ ሰፋፊ መንገዶች ያለው አማራጭ ሆክ የሚባለው መብራት ነው። ቱሳን አሪዞና ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 በብሔራዊው መመሪያ ገብቷል። እግረኛ እስኪመጣ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ቁልፉ ሲጫን ቢጫ ብልጭ ይላል፣ ቀጥሎ ቢጫው ይጸናል፣ ከዚያ ሁለት ቀይ መብራቶች ጸንተው ይበራሉ፤ በመጨረሻ እግረኛው እየጨረሰ ሳለ ቀዮቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ይላሉ። ያን ጊዜ ሹፌሩ ቆሞ፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ ማለፍ ይችላል። ቀይ ስለሆነ ልመና ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የእግረኛ አደጋን በ55 በመቶ እንደሚቀንስ የፌዴራሉ አስተዳደር ያስቀምጣል። ድክመቱ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፦ ብዙ ሹፌሮች የሚፈራረቀውን ቀይ አያውቁትም፣ አንዳንዱ ሳይቆም ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እስኪጠፋ ይጠብቃል። በተከፈተበት ወር የትምህርት ዘመቻ ከሌለ ጥቅሙ ይዘገያል።

ከሹፌሩ ይበልጥ የሚጎዳው ግን የመጠበቂያው ጊዜ ነው። የስቴቱ መሐንዲስ ሆኩን ከአጎራባች የትራፊክ መብራቶች ጋር ሲያስተሳስረው ቁልፉን የተጫነ ሰው ከደቂቃ በላይ ሊቆም ይችላል። ሰው አይጠብቅም፤ ክፍተት ሲያገኝ ይሻገራል፤ ቀዩ የሚበራው ከሄደ በኋላ ነው፤ ሹፌሮችም ባዶ ዜብራ ላይ መቆምን ይንቃሉ። ስለዚህ ሆክ ስትጠይቁ ከፍተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሚሆን በጽሑፍ ይግባ በሉ። ከ30 በላይ ከሆነ ተከራከሩ።

አሁን ወደ ደሴቱ። ከሁሉም የምናስቀድመው ይህን ነው። ባትሪ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ሌሊትም በረዶም ቢሆን ይሠራል። የፌዴራሉ አስተዳደር የእግረኛ መጠለያ ደሴት የእግረኛ አደጋን 56 በመቶ እንደሚቀንስ ያስቀምጣል፤ ከሆኩ ጋር እኩል ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተሰበሰበ አገር አቀፍ የዋጋ ጥናት አማካይ ዋጋው 13,500 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት 22,000፣ ሆኩ ደግሞ 58,000 ገደማ ነበር። ዛሬ ሁሉም ጨምሯል፤ ስታነጻጽሩ ዋጋውን ሳይሆን ልዩነቱን ተመልከቱ።

ዝርዝሩ ላይ ግን ጠንቃቃ መሆን ያስፈልጋል። ስፋቱ ከ6 ጫማ አይነስ፦ በሁለቱም ጠርዝ ዓይነ ስውራን በእግር የሚለዩት ጉብጉብ ያለው ንጣፍ 2፣ 2 ጫማ ይወስዳል፤ መሐሉ ላይ ሌላ 2 ጫማ ልሙጥ ቦታ ከሌለ ሁለቱ ንጣፎች ይገጥሙና የቱ ጋ ደሴቱ እንዳበቃ አይታወቅም። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወይም ብስክሌት የያዘ ሰው ሙሉ በሙሉ እንዲጠለል 8 ጫማ ይሻላል። በ4 ጫማ ደሴት ላይ የቆመ ጋሪ ጎማው መስመሩ ላይ ይቀራል። መተላለፊያው ደሴቱን ቆርጦ በአስፋልቱ ከፍታ ሲያልፍ ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል፤ ነገር ግን ወደ አንድ ወገን ትንሽ ካላዘነበለ ውኃ ያቁራል፣ በክረምት በረዶ ይሆናል። መተላለፊያውን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥም ብልህነት ነው፤ እግረኛው ሁለተኛውን ግማሽ ከመግባቱ በፊት ፊቱ ወደሚመጣው መኪና ይዞራል።

የደሴቱ አፍንጫ በተደጋጋሚ ይገጫል። ብረት ምሰሶ ከተተከለበት በየጊዜው ይታጠፋል፤ ተጣጥፎ የሚመለስ የፕላስቲክ ምሰሶና አንጸባራቂ ጠርዝ ይታዘዝ። ለበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር የሚታይ ረጅም ምልክትም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው በረዶ ጠርዙ ይነቀላል። በጀት አነሰ ተብሎ በቀለም ብቻ የተሳለ ደሴት ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ፤ ቀለም መኪና አያቆምም፣ ሹፌሮችም ለግራ መታጠፊያ ይጠቀሙበታል። ተቃውሞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከንግድ ቤቶች ነው፦ ደሴቱ ወደ መኪና ማቆሚያቸው የሚገባውን የግራ መታጠፊያ ይዘጋል። ሃያ ሠላሳ ጫማ ማንሸራተት ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል፤ ስለዚህ ቦታው በሥዕል ከመጽደቁ በፊት ባለሱቆቹን ማነጋገር ነው።

ከፍ ተደርጎ የሚሠራው ዜብራ በውጤት ከደሴቱ ብዙም አይርቅም፤ የእግረኛ አደጋን 45 በመቶ እንደሚቀንስ ይገመታል። ለየት የሚያደርገው ሹፌሩ ይሉኝታ ኖረውም አልኖረውም ፍጥነቱን ማውረዱ ነው። መደበኛው ልክ 22 ጫማ ርዝመት ነው፦ 6 ጫማ መውጫ፣ 10 ጫማ ሜዳ፣ 6 ጫማ መውረጃ፤ ከፍታው ከ3 እስከ 3.5 ኢንች። ከተራው የ12 ጫማ ጉብታ ይልቅ ለአውቶቡስና ለአምቡላንስ ለስለስ ይላል። ችግሩ የሚፈጠረው ግንባታው ላይ ነው። ኮንትራክተሩ 3.5 ኢንች ተብሎ 4.5 ካወጣው የአውቶቡስ ሆድ ይነካል፣ ቅሬታ ይዘንባል፣ መሥሪያ ቤቱ አፍርሶት ይሄዳል፤ ያ ሰፈር ከዚያ በኋላ ጉብታ የሚባል ነገር አይሰማም። ውሉ የሚፈቀደውን ልዩነት በኢንች ክፍልፋይ ይጻፍ፤ አስፋልቱ ሳይቀዘቅዝም ይለካ። ሁለተኛው ውኃ ነው፦ ጉብታው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከደረሰ የዝናብ ውኃውን ይገድባል፤ ከላይ በኩል ማስገቢያ ካልተሠራ እግረኛው ኩሬ ውስጥ ይቆማል።

እንደ ጆርጂያ አቬኑ ባለ ዋና መንገድ ላይ ግን አይሆንም። የፌዴራሉ መመሪያ የሚመክረው የፍጥነት ገደቡ 30 ማይል ወይም ከዚያ በታች ለሆነ፣ የመኪና ብዛቱም በቀን ከ9,000 በታች ለሆነ መንገድ ነው። የሚጠቅመው ወደ ዋናው መንገድ የሚገቡት የጎን መንገዶች አፍ ላይ ነው፤ እዚያ የሚታጠፍ መኪና የእግረኛውን መንገድ ሲያቋርጥ ወጥቶ ለመውረድ ይገደዳል። በቦልት የሚታሰሩትን የጎማ ጉብታዎች ለሙከራ ካልሆነ አንመክርም፤ ቦልቱ ይላላል፣ በረዶ መጥረጊያው ይገነጥለዋል።

የቀሩትን በአጭሩ። ከትራፊክ መብራት ጋር ባለ ማቋረጫ እግረኛው ከመኪናው ከ3 እስከ 7 ሰከንድ ቀድሞ እንዲገባ ሰዓቱን ማስተካከል የእግረኛ አደጋን 13 በመቶ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ሰዓቱን መለወጥ ብቻ ነው። ሁለት ነገር አብሮ ካልመጣ ግን ይበላሻል፦ በቀይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ካልተከለከለ ያቺን ጊዜ መኪናው ይወስዳታል፤ ድምፅ የሚያሰማ ቁልፍ ከሌለ ደግሞ የመኪና ድምፅ ሰምቶ የሚነሣው ዓይነ ስውር ዕድሉ ያመልጠዋል። ለዜብራ ቀለም ቴርሞፕላስቲክ ይታዘዝ፤ ውፍረቱ ከ90 እስከ 125 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) ሲሆን ተራው ቀለም 15 ገደማ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ከተደረገ አረፋ ይዞ በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ወፋፍራሞቹን መስመሮች ጎማ በማይረግጥበት ማስቀመጥ ዕድሜያቸውን ያራዝማል። የፕላስቲክ ምሰሶዎች ጥግ ላይ የሚያቆሙ መኪናዎችን ለመከልከል ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በድንጋይ ካልተተኩ ግን ግማሾቹ ጠፍተው ታገኟቸዋላችሁ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የፌዴራል የነዳጅ ቀረጥ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አልጨመረም፤ የአስፋልትና የጉልበት ዋጋ ግን ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 የሚቆየው፣ ለዚህ ሥራ ሁለት በር ከፍቷል። አንዱ ለአምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር የያዘው የሁሉም ሰው አስተማማኝ መንገዶች ፕሮግራም ነው፤ ለዚህ ስቴት ማመልከት አይችልም፣ ከተሞች፣ ካውንቲዎችና የመሳሰሉት ናቸው የሚያመለክቱት፤ 20 በመቶውን ራሳቸው ያዋጣሉ። ሁለተኛው በየስቴቱ የሚተዳደረው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ማሻሻያ ገንዘብ ነው፤ በአብዛኛው 90 በመቶው የፌዴራል ነው፣ በየትኛውም የሕዝብ መንገድ ላይ ሊውል ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለ፦ ስቴቱ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ሁሉ እግረኞችና ብስክሌተኞች 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ስቴቱ ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 15 በመቶውን ለእነሱ ደኅንነት መመደብ ግዴታው ነው። በስብሰባ ላይ «የኛ ስቴት በዚህ ግዴታ ሥር ነው ወይ? ገንዘቡስ የትኞቹ ማቋረጫዎች ላይ ዋለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዓይነት መልስ ያገኛል። ኦሬጎን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ከመንገድ ገንዘቧ ቢያንስ 1 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንድታውል በሕግ አስራለች።

የፌዴራል ገንዘብ ግንባታውን እንጂ መደበኛ ጥገናውን አይከፍልም። ባትሪ መቀየር፣ የዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ የተገጨ ምሰሶ መተካት የስቴቱ ወይም የከተማው ወጪ ነው። ማን እንደሚከፍል በስምምነት ካልተጻፈ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ መብራቱ ጠፍቶ ይከርማል። ደሴቱን የምናስቀድምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጥገናው ጥቂት ነው።

ጥያቄ ከማቅረባችሁ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በስተቀር የካውንቲ መንገዶች ሁሉ ማለት ይቻላል የስቴቱ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ቁጥር ያለው መንገድ የስቴት፣ ቁጥር የሌለው የአካባቢው መሆኑ የተለመደ ነው። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች በጽሑፍ ጠይቁ፦ በቀን የሚያልፈው መኪና ብዛት፣ ከመቶ መኪና 85ቱ የማያልፉት ፍጥነት፣ የአምስት ዓመት የአደጋ መዝገብ። የፌዴራሉ የማቋረጫ መመሪያ ሠንጠረዥ የሚመራው በመስመር ብዛት፣ በመኪና ብዛትና በፍጥነት ገደብ ስለሆነ በእነዚህ ቁጥሮች የትኛው ዕቃ እንደሚገባችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። «አንድ ነገር አድርጉልን» የሚል ደብዳቤ ምልክት ሰሌዳ ያስገኛል፤ «8 ጫማ ደሴት፣ ከ30 ጫማ ወደ ኋላ የመቆሚያ መስመር ጋር» የሚል ደብዳቤ ግን መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ስቴቱ አስፋልቱን እንደገና ሲያለብስ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በየጥጉ ያሉትን መወጣጫዎች እንዲያስተካክል ያስገድደዋል፦ ቁልቁለታቸው ከ8.3 በመቶ፣ የጎን ዘንበላቸው ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ። መስመሮቹም ከዜሮ ስለሚቀቡ ከ12 ወደ 10 ጫማ ማጥበብና ለደሴት ቦታ ማውጣት በዚያ ወቅት ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው። ስቴቱ ቢያንስ ለአራት ዓመት የሚያወጣውን የፕሮጀክት ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ፤ መንገዳችሁ ለማልበስ ከተያዘ ጥያቄው የመስመር ፕላኑ ከመሳሉ በፊት መግባት አለበት፤ ጨረታ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በኮንትራክተሩ ዋጋ ይሆናል።